ውሃው በየት ወረደ? ትንንሽ ቤቶችን ቀብቶ ስለማስረጀት

ይህ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለጥቂት የሥዕልና የአርክቴክቸር ተማሪዎች የተናገርኩት ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ አባት የሰጡትን አስተያየት ግን አልነካሁትም። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ ብላችሁ መምጣታችሁ ራሱ ይገርመኛል።

እስቲ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቤት ጠጋ ብላችሁ እዩት። መንካት ይቻላል። ቁመቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነው። ግድግዳው ፎም ነው። ጣሪያው የዕቃ ካርቶን ነው። የበሩ እጀታ የስፒል ራስ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችውና፣ "ውይ ልጄ፣ አሮጌ ቤት ከምትሠራ አዲስ አትሠራም ነበር?" አለችኝ። እስካሁን ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

ለማያውቁት ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን ትንንሽ ወታደሮች ይደረድራሉ። በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሷቸዋል፤ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ታዲያ ቼዝ ነው እንዳትሉኝ። ቼዝ ላይ ኮረብታ የለም። እዚህ ኮረብታ አለ፣ ወንዝ አለ፣ የፈረሰ ፎቅ አለ። ከግንብ ጀርባ የተደበቀ ወታደርን መምታት ይከብዳል። ስለዚህ ቤቱና ኮረብታው ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የጨዋታው ሕግ ውስጥ ይገባሉ።

ጨዋታው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩስያ ባሮን ለንጉሡ ለሦስተኛው ፍሪድሪኽ ቪልሄልም አንድ ትልቅ የጨዋታ ጠረጴዛ አበረከተ። ከጠረጴዛው ጋር ከጀሶ የተሠሩ ሰሌዳዎች ነበሩ፤ መንገድ፣ ወንዝና መንደር የተሠራባቸው፣ ቀለም የተቀቡ። እየቀያየሩ ሲደረድሯቸው ሌላ አገር ይሆናል። እንግዲህ ቀብቶ መልክዓ ምድር መሥራት ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው መልኩ ግን ብዙው የእንግሊዞች ነው። ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ተቋቋመ፤ አሁን መቀመጫው ኖቲንግሃም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ዋርሃመር 40,000 በሩቅ ዘመን፣ በፈራረሱ ከተሞችና በዛገ ብረት መሃል የሚካሄድ ጦርነት ነው። የዝገት አቀባብን ይህን ያህል ሰው የለመደው በእሱ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል።

እኔም እንግሊዝ ለሥራ በኖርኩበት ጊዜ ነው የገባሁበት። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሰው አያዋራም። ክለብ ገባሁ።

በመጀመሪያ ስለ ልክ። እኔ የምሠራው 28 ሚሊ ሜትር በሚባለው መጠን ነው፤ የአንዱ ወታደር ቁመት ገደማ ማለት ነው። በግምት ከእውነተኛው ሰው 56 ጊዜ ያንሳል። ይቺን 56 ያዙልኝ። አንድ ሚሊ ሜትር የምታክል የአሸዋ ቅንጣት በዚህ ዓለም ውስጥ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነች ድንጋይ ናት። አዲስ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሩ ላይ ቀለም ተላልጧል ለማለት የጥፍር ቁራጭ የሚያክል ነገር ይቀባል። በ56 አባዙት። ትሪ የሚያክል ቁስል ነው! እንደዚያ የተላጠ በር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቆርቆሮውም እንደዚሁ ነው። የተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው ጉብታ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለ56 ሲካፈል አንድ ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኔ ከላይ ያለውን ወረቀት የላጥኩለት ቀጭን ካርቶን ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ከእጥፍ በላይ ወፍሯል። ግን ዓይን ይህን ይቅር ይላል። ዓይን ይቅር የማይለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እመጣበታለሁ።

ፎም ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኙት፣ ሲሰበር ነጭ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ቤቱን የሚሞላው ነው። ሌላው ለግንባታ የሚውለው ጥቅጥቅ ያለው ነው። ለግድግዳ ሁለተኛውን ፈልጉ። ስሜቱ እንደ ሳሙና ነው፣ በስለት ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። የጡቡን መስመር በእርሳስ ትጫኑታላችሁ። የድንጋይ ግንብ ከሆነ የወጥ ቤት ፎይል ጨብጣችሁ ኳስ ታደርጉና ላዩ ላይ እየተጫናችሁ ታንከባልሉታላችሁ። ድንጋይ ይሆናል። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በጋለ ሽቦ የምትቆርጡ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ደህና አይደለም።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት የግንብ ማማ ነበረኝ። እያንዳንዱን ድንጋይ በእርሳስ የቀረጽኩት። ልቀባው ብዬ በረንዳ ላይ አውጥቼ ጥቁር ስፕሬይ ነፋሁበት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ማማው እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኖ ጠበቀኝ። የስፕሬዩ ማሟሚያና ጋዝ ፎሙን ይበሉታል። ቆርቆሮው ላይ በደቃቁ ተጽፎ ነበር፤ ማን ያነባል? ከዚያ ወዲህ ነጩን የእንጨት ኮላ ከጥቁር አክሪሊክ ቀለም ጋር ደባልቄ፣ ሁለት ጊዜ በብሩሽ ለቅልቄ ነው የምጀምረው። ፎሙን እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል፤ ከጠረጴዛ ቢወድቅም ጠርዙ ቶሎ አይሰበርም። ከዚያ በኋላም ስፕሬይ ካማራችሁ አንዲት ያልተሸፈነች ቀዳዳ ትበቃዋለች፣ ተጠንቀቁ።

ስለ ተራው አቀባብ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከጥቁሩ ላይ የግድግዳው ቀለም ይመጣል። ቀጥሎ ደረቅ ብሩሽ ነው። ያረጀ ብሩሽ ፈዛዛ ቀለም ነክራችሁ፣ ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ ጠርጋችሁ አለቀ ስትሉ የድንጋዩን ጫፍ ጫፍ ታስነኩታላችሁ። ከዚያ ዋሽ የሚሉት ቀጭን ጥቁር ቡናማ ቀለም አለ፤ ራሱ ፈስሶ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ሰነፍን ያስመሰግናሉ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቤቱ ቤት ይመስላል።

ግን ያረጀ አይመስልም። የቆሸሸ ነው የሚመስለው። ልዩነቱን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። የቆሸሸ ቤት ሁሉም ቦታ እኩል ቆሽሿል። ያረጀ ቤት አንዱ ጥጉ ተበልቷል፣ ሌላው ጥጉ ትናንት የተለሰነ ይመስላል። ዓይን ይቅር የማይለው ያልኳችሁ ይኼን ነው። አንድ ዝገት ያለ ምክንያት ከተቀመጠ፣ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቀውም የሆነ ነገር ይከነክነዋል።

ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት ቤቱን እጄ ላይ አድርጌ ራሴን እጠይቃለሁ። ውሃው በየት ወረደ?

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት እንግሊዝ አይደለም። እዚሁ ነው። አንድ አሮጌ ሰፈር አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቆርቆሮ ባሕር ነው። አዲሱ ያንጸባርቃል። ጥቂት ዓመት የቆየው አመድ መስሏል። የባሰበት ቡናማ፣ የባሰበት ደግሞ ጥቁር ሆኗል። ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል፣ ንፋስ እንዳይወስደው። ከመካከሉ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ተቀይሮ እንደ ወርቅ ጥርስ ብልጭ ይላል። እንግሊዝ ያሉት ጓደኞቼ ይህን ለማግኘት ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ሲፈልጉ ያድራሉ። እኛ በነጻ አለን።

እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ቆማችሁ ብታዩ ዝገቱ እንደ ኩፍኝ ያገኘው ቦታ እንደማይወጣ ታያላችሁ። ቆርቆሮ ብረቱ ላይ ዚንክ ተለብጦበት ነው የሚመጣው። ዚንኩ እስካለ ድረስ ብረቱ አይዝግም፤ ዚንኩ ቀድሞ ራሱን ያስበላለታል። መጀመሪያ የምታዩት አመድማ መፍዘዝ የዚንኩ ነው። ዝገት የሚጀምረው ዚንኩ ያለቀበት ወይም የተቀደደበት ቦታ ነው። ሚስማር የተመታበት። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ። አሸንዳው ጋ፣ ውሃ የሚዘገይበት። ዛፍ ካለ ደግሞ ቅጠሉ የሚከመርበት፤ እርጥበቱን ይዞ ይቆያልና።

አቀባቡም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። መጀመሪያ ጣሪያው በሙሉ ፈዛዛ ግራጫ ይሆናል። ብርማ ቀለም አልወድም፤ በዚህ መጠን ላይ ብርማ ቀለም ቤቱን የገና ጌጥ ያስመስለዋል። ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትቦጭቃላችሁ። ጥቁር ቡናማ ቀለም ነክራችሁ፣ ወረቀት ላይ አራግፋችሁ፣ ዝገት ይጀምራል ባላችሁበት ቦታ ነካ ነካ ታደርጋላችሁ። ስፖንጁ እጃችሁ አስቦ የማይሠራውን የተበታተነ ቅርጽ ይሠራል። ብርቱካናማው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ትንሽ ብቻ። ትኩስ ዝገት ብርቱካናማ ነው፣ የቆየው ጥቁር ቡናማ ነው። ጀማሪ ብርቱካናማውን ሙሉ ጣሪያው ላይ ያፈስና ቤቱ ፋንታ የፈሰሰበት ይመስላል።

ከዚያ የምወደው ክፍል ይመጣል። በመጀመሪያ ሥራውን ቫርኒሽ ቀብታችሁ አድርቁት፤ የታችኛው ቀለም እንዳይነካ ነው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ከዝገቱ ሥር የዘይት ቀለም ነጠብጣብ ታደርጋላችሁ። ሌላ ንጹሕ ብሩሽ አኳራጅ የሚሉትን የቀለም ማቅጠኛ ነክራችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ነጠብጣቡን ወደ ታች ትስቡታላችሁ። አንዴ፣ ሁለቴ። እየሳሳ እየሳሳ ይጠፋል። የዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ ካላማራችሁ ጠርጋችሁ እንደገና መጀመር ትችላላችሁ። ምልክቱ ግን የጣሪያውን ቁልቁለት ይከተል፣ ጎድጓዳውን ይዞ። ወደ ጎን የሄደ የዝገት መስመር ካያችሁ ሠሪው ስልክ እያወራ ነው የሠራው።

ቀለም የተቀባ የብረት በር ወይም የቆርቆሮ አጥር ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ፤ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የፀጉር ስፕሬይ። በሩን በሙሉ ዝገት አድርጋችሁ ትቀባላችሁ። ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬይ ትነፉበታላችሁ። ከላዩ ሰማያዊ አክሪሊክ ትቀባላችሁ። ሰማያዊው ደረቅ ሲል፣ ብዙ ሳይቆይ፣ ለብ ያለ ውሃ ነክራችሁ በጠንካራ ብሩሽ ታሹታላችሁ። የፀጉር ስፕሬዩ ውሃ ሲያገኘው ስለሚሟሟ ሰማያዊው እየተላጠ ይነሳል፤ ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። የቀባችሁት መላላጥ አይደለም፤ እውነተኛ መላላጥ ነው። መጀመሪያ ሲሠራልኝ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ጮኬ ነበር።

የጭቃ ቤት ከሆነ ውሃው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ነው። መሬት ላይ ወድቆ ይፈናጠርና የግድግዳውን ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ ቀይ ያደርገዋል። ጉልበት ማለት በእኛ ልክ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልስኑም መጀመሪያ የሚረግፈው እዚያ ነው፤ ጭዱና እንጨቱ ይታያል። ጭዱን ከቃጫ አድቅቄ ከኮላ ጋር እጨምራለሁ። ሁለተኛው መንገድ የመስኮቱ ጥግ ነው፤ ከመስኮቱ ደፍ ሁለት ጫፍ የሚወርዱ ሁለት የዕንባ መስመሮች። ውሃን የማይከተል አንድ ነገር ጥላሸት ብቻ ነው። የማድ ቤቱ ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ጥቁሩ ከበሩ በላይ ነው።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ይቀባል። ዝገት አያበራም፣ ጭቃም አያበራም። ጠመኔ ፈጭታችሁ አቧራ የምታለብሱ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ይህን ሁሉ ከጦርነት ተጫዋቾች ቀድመው የደረሱበት የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ናቸው። ኦክስፎርድሺር ውስጥ ሎንግ ዊተንሃም በምትባል መንደር ፔንደን የሚባል ሙዚየም አለ። ሮይ ኢንግላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው የመሠረተው። ሰውየው በ1920ዎቹ እንግሊዝ መጥቶ የገጠር ቤቶቹ መልካቸው ሲለዋወጥ ሲያይ አዘነ። አሳንሶ ሊያስቀራቸው ተነሳ። ሌሎችም ተከትለውት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠሩ። እዚያ ሄጄ አንድ የሣር ክዳን ቤት ፊት በጣም ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ክዳኑ ሁሉ እኩል አላረጀም። እኔን ያስደሰተኝ እሱ ነው።

ስለ ዓድዋ ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ጊዜ ክለባችን የዓድዋን ጦርነት ሊጫወት ወሰነ። በጣም ደስ አለኝ። ጠረጴዛውን ሳየው ደስታዬ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ቢጫ አሸዋ! ሰሃራ ነው የሠሩት። ለእነሱ አፍሪካ ማለት ወይ አሸዋ ነው ወይ ጫካ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አላዩትም። ሁለት ወር ስጡኝ አልኩና እንደገና ሠራሁት።

እዚህ ጥያቄው ትንሽ ይለወጣል። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በጋ ነው፤ ዝናብ ከሄደ ወራት ሆኖታል። ሣሩ አለ፣ ግን ደርቆ ገለባ መስሏል። ስለዚህ ሣር የማደርገውን ሰጋቱራ የገለባ ቀለም ነከርኩት፤ ወንዝ ዳር ብቻ ትንሽ አረንጓዴ ጨመርኩ። ተራሮቹ ዱሮ እሳተ ገሞራ ያወጣቸው፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ ድንጋያቸው የጠቆረ ነው። ቢጫ ኮረብታ አይሆኑም። ቤት ካስፈለገ የድንጋይ ህድሞ ነው፤ የአፈር ጣሪያ ያለው። አንዱ ጓደኛዬ "ኢትዮጵያን እንዲመስል" ብሎ ባሕር ዛፍ ሠርቶ አመጣልኝ። አመሰገንኩትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ገና ወደ አገሩ መግባቱ ነበር። በጋ ስለሆነም ውሃ የለም ማለት አይደለም። ያለፈው ክረምት የቦረቦረው መሬት እንዳለ ነው፤ ላዩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። እኔም መጀመሪያ ጎርፉን ቀረጽኩ፣ ከዚያ አቧራውን አለበስኩት።

ጥያቄ ካላችሁ እዚህ ላይ ላቁም።

(አንዲት ተማሪ ዕቃው ውድ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። ወታደሮቹ ውድ ናቸው፤ ቤቶቹ ግን ካርቶን፣ ኮላና ሰጋቱራ ናቸው አልኳት። ሰጋቱራ ከማንኛውም አናጺ ቤት ለምና ማግኘት ትችላለች።)

ከዚያ ኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ልጃቸውን ይዘው ነው የመጡት። ብዙ ዘመን ቆርቆሮ ሲመቱ የኖሩ ሠራተኛ እንደሆኑ ነገሩን። ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው መጡና ቤቱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ግን አንድ ነገር ልበልህ ልጄ? ቆርቆሮ መጀመሪያ የሚበላው ሚስማሩ ጋ ብቻ አይደለም። ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ ነው። ውሃው መሃል ይገባና መውጫ ያጣል፤ ፀሐይም አይደርስበት። ያንተ መደራረቢያ አዲስ ነው።"

"እውነትዎን ነው ጋሼ" አልኩ።

"ሌላም አለ።" ቤቱን ወደ እኔ አዘነበሉት። "ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው። ጎድጓዳው ውስጥ ከመታኸው ያፈሳል። ውሃው የሚሄደው በጎድጓዳው አይደል እንዴ? አንተው ራስህ አሁን ስትል አልነበር?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ፊቴ ግሎ ነበር። ቤቱን ተቀብዬ አየሁት። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንድ በአንድ የነጠብኳቸው የኮላ ጠብታዎች ናቸው። ቆጠርኳቸው። 32 ሚስማር። ሁሉም ጎድጓዳው ውስጥ።

ያን ዕለት ማታ በስለት ጫፍ ስፍቃቸው አመሸሁ። አሥራ ዘጠኙ ተነሥተዋል። የቀሩት ዝገቱን ይዘው ካልተነሡ እንቢ ስላሉኝ ጣሪያውን እንደ አዲስ እየሠራሁት ነው። ከመደራረቢያው ጀምሬያለሁ።